ከበርጋ ረግረግ እስከ ሙገር አፋፍ

ከአስኮ መናኸሪያ ስንነሳ ገና አልነጋም ነበር። የጥቅምት ብርድ ጣት ይቆረጥማል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እንጭኒ ሙገር! እንጭኒ ሙገር!» ይላል። ሁለቱን ስም አጣብቆ አንድ ቦታ ስላስመሰላቸው፣ ከኋላ የተቀመጡ እናት «እኔ የምወርደው እንጭኒ ነው፤ ሙገር አይደለም» ብለው ሁለቴ አስጠነቀቁት።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሙገር ማለት ሲሚንቶ ነው። አባቴ አንድ ክፍል ቤት ሲያስቀጥል የተረፈውን የከረጢት ወረቀት እናቴ አራግፋ አስቀመጠችው፤ መስከረም ሲመጣ ደብተራችን በሱ ተለበደ። ትንሽ ከፍ ስንል ደግሞ ሙገር የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ክለብ ሆነ። ከነዚህ ሌላ ሙገር ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አጠገቤ ተቀምጦ ጋቢው ውስጥ የሚያንቀላፋው ጓደኛዬ ግን ጂኦሎጂ ያስተምራል። ለእሱ ሙገር የድንጋይ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂኦሎጂ ሊቁ ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1991 ባሳተሟቸው ጥናቶች በዐባይ ተፋሰስ ሸለቆዎች ውስጥ የተደራረቡትን ድንጋዮች እየለዩ መዘገቡ። በዚያ መዝገብ ጎሐ ጽዮን፣ ሙገርና ደብረ ሊባኖስ የንብርብር ስም ሆነዋል። «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» የሚባለው ንብርብር ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የዚሁ ንብርብር ቅጥያ ከሆነው የጀማ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርስ፣ የአዞና የኤሊ ቅሪት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ተነግሯል። በ2007 ደግሞ ከዚያው ንብርብር የወጣ አንድ ደቃቅ ጥርስ፣ በኢትዮጵያ የተገኘ የመጀመሪያው የጁራሲክ ዘመን አጥቢ እንስሳ ተብሎ ታተመ። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ ያፈርኩት ደብተሬን በሲሚንቶ ወረቀት ለብጄ ስለመማሬ አይደለም። በዚያ ደብተር ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር ስላልጻፍኩ ነው።

የጉዟችን ሰበብ ጂኦፓርክ ነው። ጓደኛዬ ይህን አካባቢ አንድ ቀን ጂኦፓርክ ሆኖ ማየት ይፈልጋል። እኔ የሄድኩት ለመጠራጠር ነው ብል ይቀላል።

ገፈርሳን፣ መናገሻን አለፍን። ሆለታ ላይ ፀሐይ ወጣች። ከሆለታ ወዲያ ዋናው መንገድ ወደ አምቦ ይገሰግሳል፤ እኛ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚህ በኋላ መንገዱ የሲኖትራክ ነው። ባዶውን የሚወርደው እየዘለለ፣ ሞልቶ የሚመጣው እያቃሰተ፣ የኛን ሚኒባስ በሁለቱም በኩል እየገፉ ያልፏታል። አሽከርካሪያችን ለእያንዳንዱ ክላክስ ያደርጋል። ሰላምታ ይሁን ስድብ መለየት አቃተኝ።

በርጋ ረግረግ ላይ ወረድን። ጓደኛዬ «ድንጋይ ከማየትህ በፊት ሣር እይ» አለኝ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ክረምቱ ገና ከላዩ አልወጣም። ሣሩ ውስጥ ውኃ ይብለጨለጫል፤ ሁለት እርምጃ እንደገባሁ ግራ ጫማዬ ተዋጠ። ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ፤ ነጫጭ ሳቢሳዎች በእግራቸው መካከል ይመላለሳሉ። የበርጋ ወንዝ ውኃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ከዚህ ተነስቶ በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በአፋር አልፎ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። ትንሽ ወደ ሰሜን ስንሄድ ያለው ሙገር ግን የዐባይ ልጅ ነው፤ ሜዲትራኒያን ድረስ ይዘልቃል። የዚህ ወረዳ፣ የአደአ በርጋ ገበሬ በሬውን አዙሮ ሲያርስ አንዱን ትልም ለአፋር፣ አንዱን ለግብፅ ያርሳል ማለት ይቻላል። ጓደኛዬ ይቺን አባባል ስሰነዝር «ትንሽ አጋነንክ» አለ፤ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፋት።

ይህ ረግረግ በዓለም የታወቀው በአንዲት ወፍ ነው። ከሰው መዳፍ የምትበልጥ አይደለችም፤ ክንፏ ላይ ነጭ አላት፤ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ ትሮጣለች እንጂ ብዙም አትበርም። የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አየርሲ ነው። ከመላው ዓለም ትታወቅ የነበረው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ አካባቢ ብቻ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱት መዝገብ አስገብቷታል፤ የቀሩት ጎልማሶች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቀድሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ትታይ ነበር። ሱሉልታን ዛሬ ያየ ሰው ወፏ ለምን እንደማትታይ አይጠይቅም። በርጋ ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተገኘች፤ ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ እዚህ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መራቢያዋ ኢትዮጵያ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት በደቡብ አፍሪካም ስትራባ ታየች።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ወደኛ መጡ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ተጠያየቅን። ከዚያ ጓደኛዬ ስለ ወፏ አነሳ።

«እሷ አሁን የለችም» አሉ። «ክረምት ነው የምትመጣው። በክረምት ያንን ጥግ ከብት አናስገባም፤» በበትራቸው ረጃጅሙን ሣር አመለከቱ። «ጫጩቶቿ ካደጉ በኋላ ነው የሚከፈተው። ሣሩም ያኔ በደንብ ይደርሳል።»

«ማን ከለከላችሁ?»

«ማን ይከለክለናል? ተስማማን እንጂ።»

ይቺን ቃል ይዤ ነው ቀኑን ሙሉ የዋልኩት። ስምምነቱ ከሰማይ አልወረደም። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት ከነዋሪው ጋር ሠርቷል፤ የጣቢያ ደጋፊ ቡድን ተቋቁሟል፤ ከደቡብ አፍሪካ የሚድልፑንት ረግረግ ጥበቃ ድርጅት በተገኘ ድጋፍ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ወፏን የሚፈልጓት ሰዎች ለወፏ ጎረቤቶች አንድ ነገር ይዘው መጡ። ነዋሪውም ለሁለት ለሦስት ወር አንድ ጥግ ሣር ለቀቀ፤ የለቀቀውን መልሶ ያጭዳል። ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ፣ ልጆች እያደጉ ጎጆ ሲወጡ ይህ ስምምነት ምን ያህል እንደሚዘልቅ አዛውንቱም እርግጠኛ አይመስሉም። ስለዚህ ሲጠየቁ ወደ ከብቶቻቸው ዞር ብለው አንዷን ጊደር ባልጠየቅናቸው ምክንያት ተቆጧት።

እንጭኒ ስንገባ ረፋድ ሆኗል፤ ገበያ ቀን ነበር። የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አንድ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ የባጃጅ መደዳ፣ ከመደዳው ኋላ ባሕር ዛፍ። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ቅቤ በቅል፣ በግ በገመድ። ፈረሶቹ ከሰው አይበልጡም አይባልም። ምዕራብ ሸዋ ፈረስ የሚወድ አገር ነው፤ ገበያ የመጣው ገበሬ ፈረሱን ሲያስር እንዴት እንደሚያሽሞነሙነው ላየ ሰው፣ መኪና የሚያቆም ከተሜ ያሳዝነዋል።

አንዲት እናት ቤት ገብተን ጨጨብሳ በማር አዘዝን፤ በወተት የተፈላ ሻይ መጣ። ወተቱ ወፍራም ነው። አደአ በርጋ ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጀርሲ ላሞች የሚረቡበት ጣቢያ አለ፤ ኋላ ላይ ከሆለታ ግብርና ምርምር ጋር ተያይዟል። የጀርሲ ወተት ቅባቱ ብዙ ነው። እናትየዋ ይህን ሁሉ ትንታኔ አልፈለጉም። «ወተታችን ሁልጊዜም እንዲህ ነው ልጆቼ፤ እናንተ ውኃ የገባበት ለምዳችሁ ነው» አሉ።

የባጃጅ ሹፌር ልጅ ለሙገር አፋፍ ስንደራደር «ቱሪስት ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ኢትዮጵያዊ ቱሪስት የሚባል ነገር እንዳለ ስነግረው ሳቀ። «እዚህ ለመንገድ ዳር ድንጋይ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚመጣው የሲሚንቶ ነጋዴ ነው።» ለሲሚንቶ የሚመጣም ለድንጋይ ነው የመጣው ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ጂኦፓርክ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። «ፓርክ» ሲባል እኛ አገር ዓይናችን ላይ የሚመጣው ወሰን፣ ጠብመንጃ የያዘ ስካውት፣ ከመሬቱ ይነሳ የተባለ ገበሬ ነው። ጂኦፓርክ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ነዋሪው ከነእርሻው፣ ከነከብቱ፣ ከነከተማው ውስጡ ይኖራል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2000 በአራት የአውሮፓ አካባቢዎች ማለትም በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ፣ በግሪክ ሌስቮስ ደሴት፣ በጀርመን ቩልካን አይፍልና በስፔን ማኤስትራስጎ ነው የተጀመረው። አራቱም ድንጋያቸው ውብ፣ ኗሪያቸው ግን እየተሰደደ የሚያልቅ ገጠሮች ነበሩ። ሌስቮስ ላይ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ ድንጋይ የሆነ ደን አለ፤ ጎብኚው ግንዱን አይቶ ሲጨርስ በአካባቢው ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር የተሠራ ማርማላታ ይገዛል። ዘዴው ያ ነው፤ ድንጋዩ ቦታው ላይ ይቆማል፣ የሚሸጠው ማርማላታው ነው። እንጭኒ ላይ ማርማላታ የለም፤ ጩኮ ግን አለ፣ ቅቤ አለ፣ ያ ወተት አለ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ይህን ሥራ ይፋ ፕሮግራሙ አደረገው። በ2025 በ50 አገሮች 229 ጂኦፓርኮች ነበሩ። ከእነዚህ አፍሪካ የነበራት ሁለት ብቻ ነው፤ የሞሮኮው ምጉን (2014) እና የታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ሌንጋይ (2018)። የሰው ዘር መገኛ፣ የስምጥ ሸለቆ እናት፣ የዳሎልና የኤርታሌ አገር በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ለዚህ የሚወቀሰው ድንጋይ አይደለም። አስፋወሰን አስራት፣ መታሰቢያ ደምሴና አበራ ሞገሴ ስለ ኢትዮጵያ ጂኦቱሪዝም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ካሳተሙ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ድንጋዩ ተጽፏል።

መስፈርቱን ጓደኛዬ በባጃጁ ጩኸት ላይ እየጮኸ ነገረኝ። ሕጋዊ ሰውነት ያለው አስተዳዳሪ አካል፣ የራሱ በጀት፣ ጂኦሎጂ የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እንደ ጂኦፓርክ ሠርቶ ማሳየት ግድ ነው። ማዕረጉ የዕድሜ ልክ አይደለም፤ በየ4 ዓመቱ ገምጋሚ መጥቶ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ካርድ ይሰጣል። ቢጫ የተሰጠው በ2 ዓመት ውስጥ ካላስተካከለ ይወጣል። ዩኔስኮ ደግሞ ገንዘብ አይሰጥም።

«ስም ብቻ?»

«ስምና ጓደኛ» አለ። ጂኦፓርኮቹ በመረብ የተያያዙ ናቸው፤ ባለሙያ ይለዋወጣሉ፣ አዲሱን ይረዳሉ። በጀት ሳይኖረው ስምና ጓደኛ ብቻ ይዞ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገባ ሰው ምን እንደሚባል አሰብኩ። ወንበር እንኳ አይቀርብለትም።

ከዚያ ገደሉ መጣ።

ሜዳው ምንም ሳያስጠነቅቅ ያበቃል። ስንዴ፣ ስንዴ፣ አንድ ግራር፣ ከዚያ ባዶ። ከሥር ሙገር እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ንፋሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚነፍስ የቆላው ሙቀት ፊት ላይ ይመታል፤ ጀርባችን ደጋ፣ ፊታችን ቆላ ሆነ። ደጋ ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ በኦሮምኛ ድንጋይ «ዸጋ» ነው። ከአማርኛው ደጋ ጋር ዝምድና የለውም፤ አጋጣሚ ነው። ግን አፋፉ ላይ ቆሞ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ላለማለት መቸገር ነው።

ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ እንዳለ እጁን ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች አነበበልኝ። እግራችን ሥር ያለው ጥቁር አለት ባዛልት ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰችው እሳት። የእንጭኒ ጥቁር አፈር፣ ስለዚህም ስንዴው፣ ስለዚህም ጨጨብሳው ከዚህ የመጣ ነው። ከሱ ሥር ነጣ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ሆኖ ቆሟል፤ የደብረ ሊባኖሱ። ከሥሩ ደግሞ ቀይና ሐምራዊ የሆነው፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ የሚታይበት የሙገር ጭቃ ድንጋይ። ይህኛው ለስላሳ ስለሆነ ገደል አልሆነም፤ ተንሸራቶ ዳገት ሆኗል። ጎጆዎቹና ማሳዎቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ወንዞች በሜዳ ላይ እየተንከባለሉ ባመጡት ጭቃ ላይ ዳይኖሰር የተራመደበትን ዘመን፣ ዛሬ አንድ ገበሬ በበሬ ያርሰዋል። ከዚያ በታች ግራጫው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የባሕር ወለል የነበረ። ሸዋ ባሕር ነበረች። ይህን ቁጭ ብሎ ማሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ከሩቅ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በዘመኑ ወዳጅነት በምሥራቅ ጀርመኖች እገዛ። ሲሚንቶ እንዴት እንደሚሠራ ያኔ ነው በቅጡ የገባኝ። የኖራ ድንጋዩ ይፈጫል፤ ሸክላና የአሸዋ ድንጋይ ይቀላቀልበታል፤ ምድጃ ውስጥ ወደ 1,450 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ተቃጥሎ ክሊንከር የሚባል ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ያ ክሊንከር ጥቂት ጀሶ ተጨምሮበት እንደገና ይፈጫል። ጀሶው ከሌለ ሲሚንቶው ግንበኛው እጅ ላይ ሳይደርስ በባልዲው ውስጥ ይደርቃል። ጀሶውም ቢሆን ያው የእነዚህ ሸለቆዎች ነው፤ ከኖራው በታች ያለው የጎሐ ጽዮን ንብርብር ጀሶ ይዟል። በሌላ አነጋገር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ተፈጭቶ የታሸገ ገደል ነው። የአባቴ አንድ ክፍል ቤት ቅጥያ ከዚህ ሄዷል። የአዲስ አበባ ግማሹ ከዚህና ከዚሁ ሸለቆ ወዲያ ካለው ደርባ ሄዷል።

በዚህ ነጥብ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እኔ ፋብሪካና ጂኦፓርክ በአንድ ገደል አይኖሩም ባይ ነበርኩ። እሱ ሕጉ ማዕድን ማውጣትን በጅምላ እንደማይከለክል፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ድንጋይ ማውጫው ራሱ ትምህርት እንደሆነ አስረዳኝ። ዝናብና ቁጥቋጦ የሸፈነውን ንብርብር ድማሚቱ ገልጦ ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል፤ ተማሪዎቹን ቢያስገቡለት በአንድ ቀን የአንድ መንፈቅ ትምህርት ያስተምርበታል። የተቆረጠው ፊት የተወሰነ ስፋት ተለይቶ ሳይነካ ቢቀር፣ አንድ መቆሚያ ቢሠራ፣ ወጪው ለአንድ ፋብሪካ ከምንም አይቆጠርም። ግማሹን አመንኩት። ግማሹን ያላመንኩት ድንጋዩን ስለሚጠብቀው ሰው ስላላነሳ ነው።

ምክንያቱም ንጎሮንጎሮን አስባለሁ። የአፍሪካ ሁለተኛው ጂኦፓርክ የማሳዮች አገር ነው። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን የታንዛኒያ መንግሥት ማሳዮቹን ከዚያ አንስቶ በርቀት ወዳለው ምሶሜራ ማስፈር ጀመረ፤ ውዝግቡ ፍርድ ቤትና የዓለም መድረክ ደርሷል። ማዕረጉ ነዋሪውን ማዕከል ያደረገ ነው ተብሎ የተሰጠ ማዕረግ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር መሬት ላይ ያለውን ጉልበት አያስቆምም።

ቅርባችን ያለው ወንጪ ሌላ መልክ አለው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው የተራራ መንገድ ላይ ያለው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ የጎብኚ አቀባበል ልምዱ ብዙ ዓመት ነው። በፈረስ ተራ ይዘው የሚያጓጉዙ የአካባቢው ልጆች ማኅበር ነበራቸው፤ ፈረሱ ያንተ ቢሆንም ተራው የሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። በገበታ ለሀገር የቱሪዝም ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎችም አንዱ ስለሆነ ዛሬ አስፋልትና ዘመናዊ ሎጅ ደርሰውታል። እኔ ወንጪን ያየሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ዝናብ እየወረደ፣ በተራው የደረሰኝ ፈረስ ከኔ የበለጠ ተስፋ ቆርጦ። አሁን ስሄድ መንገዱን እንደምወደው አውቃለሁ። ያ ተራ አሁንም ካለ ግን አስቀድሜ የማጣራው እሱን ነው።

ከአፋፉ ተነስተን ወደ መንገድ ስንመለስ አሥር ዓመት ቢሆነው የማይበልጥ ልጅ ሮጦ ደረሰብን። እጁ ላይ ድንጋይ ሆኖ የቀረ የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር፤ ሽክርክሩ ሳይጎድል። «ሃምሳ ብር» አለ። እኔ ኪሴን ዳበስኩ። ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ።

«አንገዛም» አለ። ለልጁ ግን ብዙ ጊዜ ወስዶ አስረዳው። ሰው መግዛት ከጀመረ ሁሉም ይቆፍራል፤ ሁሉም ከቆፈረ ገደሉ ባዶ ይሆናል። ጂኦፓርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ መሸጥ አይደገፍም፤ የጂኦፓርኩ አስተዳደር ራሱ ደግሞ በሽያጩ እጁን ማስገባት የለበትም። ልጁ ጨርሶ አዳመጠና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ታዲያ ምን ልሽጥላችሁ?»

ያን ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ያ የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው። ጓደኛዬ ትንሽ አሰበ። «ያገኘህበትን አሳየን። ሃምሳውን ለመንገድ መሪ እንከፍላለን።» ልጁ ፊቱ በራ። ድንጋዩን ኪሱ ከትቶ ፊት ፊት ሄደ። እኛም የኖራ ድንጋይ ንብርብር ጫፍ የሆነ ስፍራ፣ ባለሙያ ያላየው ቦታ እየጠበቅን ተከተልነው። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደን ልጁ ቆመ። መንገድ ዳር የፈሰሰ የጠጠር ክምር ነው። ከየትኛው ጉድጓድ እንደተጫነ የማይታወቅ፣ ለመንገድ ጥገና አንድ ገልባጭ መኪና ደፍቶት የሄደ።

«ከዚህ ነው ያገኘሁት» አለ በኩራት።

ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለሳይንስ ያ ቀንድ አውጣ ስሙን ያጣ ሰው ማለት ነው። የመጣበት ንብርብር፣ ከጎኑ የነበረው፣ ከላይና ከታች የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። ሃምሳ ብሩን ግን ከፈለ። ቃል ቃል ነው። ልጁ ድንጋዩንም ብሩንም ይዞ ሄደ፤ ከሁላችንም የተሻለ ያተረፈው እሱ ነው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ብዙም አላወራንም። እኔ የማስበው ስለ ልጁና ስለ አዛውንቱ ነበር። እንጭኒ ጂኦፓርክ ቢያስፈልጋት ጅምሩ ከገደሉ አይመስለኝም። ገደሉ ዕይታ ነው፤ ዕይታ ፎቶ ያመጣል፣ ፎቶ ባለሀብት ያመጣል፣ የባለሀብቱ አጥር ደግሞ ከልጁ ቤት በላይ ይቆማል። ጅምሩ ያለው ረግረጉ ላይ ነው። እዚያ ሰዎች ዓይን የማትገባ አንዲት ወፍ ለመጠበቅ ተስማምተው፣ ምን እንደሚለቁና ምን እንደሚያገኙ አውቀው፣ በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ ያንን ስምምነት ያድሳሉ። ለወፍ የተቻለውን ለድንጋይ የሚያስችል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ ያለበት ከብት ጠባቂዎቹን ነው፤ አጥኚዎቹን አይደለም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው አልተቃወመም። «እኔም ለዚህ ነው መጀመሪያ ሣር ያሳየሁህ» አለ። አላመንኩትም፤ ጠዋት ሚኒባሱ እዚያ የቆመው ጎማ ሊነፋ ነበር።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። አሽከርካሪውን ለምነን ለአምስት ደቂቃ ወረድን። አዛውንቱ ከብቶቻቸውን እየሰበሰቡ ነበር፤ አወቁን።

«አያችሁት ገደሉን?»

«አየን አባባ።»

«ድሮም እዚያው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ወፏን ካልክ ነሐሴ ውስጥ ና። ማታ ማታ ትጮኻለች፤ ድምፅዋን ነው የምትሰማው እንጂ ራሷን ማየት ዕድል ነው። ግን በዚህ ጫማ አይሆንም።»

ጫማዬን አየሁት። ጠዋት የተዋጠው ግራ እግሬ ካልሲው ድረስ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ የደረቀ መስሎኝ ነበር። ከሆለታ በኋላ ብርዱ ሲመጣ እንዳልደረቀ አወቅኩ። አስኮ ስንደርስ አውልቄ ጨመቅሁት፤ ውኃ ወጣው።